እህቴ፣ ባሌና የሳሙናው ጋን

እህቴን ሰፈራችን ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም «ቀማሿ» ነው የሚላት። ምግብ ቤት የምትሠራ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እህቴ የምትቀምሰው ሳሙና ነው። አዎ፣ ሳሙና! የሚፈላውን በማማሰያው ጫፍ ታነሳለች፣ እፍ እፍ ትልበታለች፣ ከዚያ የምላሷን ጫፍ ነካ አድርጋ ፊቷን ታጨማድዳለች። ከቆነጠጣት ሶዳው በዝቷል፤ ምንም ካላላት ሞራው ገና ነው። ልክ ሲሆንስ ምን ይልሻል ስላት ግን ልትነግረኝ አልቻለችም። «በቃ ልክ ሲሆን ልክ ነው» ትለኛለች። ይሄም መልስ ሆኖ!

እኔ ታናሿ ነኝ። እናታችን ያረፈችው እኔ ገና አፌን ሳልፈታ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት፤ እስከ ዛሬም ስትቆጣኝ እንደ ሕፃን እደነግጣለሁ። ይህ ማለት ግን የተሰማኝን አልነግራትም ማለት አይደለም። ነገር እኔ ሆድ ውስጥ አያድርም። ባሌ «ምላስሽ ከእህትሽ ምላስ ይበልጣል እኮ፣ ልዩነቱ የእሷ ደመወዝ ማምጣቱ ነው» እያለ ይቀልድብኛል።

የምንሠራበት ፋብሪካ አሮጌ ነበር። ጣሪያው ዝጎ ቀልቷል፣ ግድግዳው የሞራ ሽታ ከመጥገቡ የተነሳ ቀለም ቢቀቡት አይዝም። መሃል ላይ ክፍል የሚያህል የብረት ጋን ተተክሏል። ጋኑ ከሥሩ ምድጃ አለው፤ አንገቱ ደግሞ የሳንቃውን ወለል አልፎ ፎቅ ላይ ይወጣል። እህቴ ሳንቃው ላይ ቆማ ታማስላለች። ሞራውና ዘይቱ ይቀልጣል፣ ሶዳው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፣ ይንተከተካል፤ ከዚያ ጨው ይበተንበትና ሳሙናው ከቆሻሻው ውሃ ተለይቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያ በእንጨት ሳጥን እየተገለበጠ ይረጋና ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። በሽቦ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ሽቦውን ግራና ቀኝ ይዤ ስስበው፣ ሳይፍረከረክ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ሲከፈል አንጀቴን ቅቤ ያጠጣው ነበር።

ከሳንቃው በታች፣ የምድጃው አፍ ላይ ደግሞ ባሌ አለ። እሱን «ጭሱ» ይሉታል። ማገዶ ይጨምራል፣ አመድ ይጠርጋል፣ እሳቱ ሲበረታ እርጥብ የእንጨት ብናኝ ይበትንበታል። ሥራ ብሎ የቆጠረለት ሰው አልነበረም። እሱም ራሱ «እኔ ምን ሠራሁ፣ ከሰል ነው የምጎረጉረው» ነበር የሚለው።

እንግዲህ እህቴና ባሌ አይነጋገሩም። ደም የተቃቡ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ከዚያ ያነሰ፣ ለእኔ ግን ከዚያ የባሰ ነው። እሱ ሊያገባኝ የጠየቀ ቀን እትዬ ሰው ፊት «ያሳደግኳትን ልጅ ለዚህ ጥቀርሻ ነው የምሰጠው?» አለች። እሱ በር ላይ ቆሞ ጫማውን እየጠረገ ነበር፤ ሰማ። ተጋባን፣ ልጅ ወለድን፣ ልጃችን አድጋ ለሥራ ደረሰች፤ የሁለቱ አፍ ግን እንደተዘጋ ቀረ። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እሷ «ጨውን ያቀብለኝ በይው» ትለኛለች፣ እሱ ጨዋታን እንደማያውቅ ሰው ኮስተር ብሎ «አጠገቧ ነው በያት» ይለኛል። እኔ መሃል ላይ እንደ ስልክ ነኝ። ስንቴ ቆሽቴ አርሮ ሁለታችሁንም ጥዬ እሄዳለሁ ብዬ ፎክሬአለሁ! የት እንደምሄድ ግን እነሱም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ሳሙናችን ግን ሳሙና ነበር። ከሩቅ ከተማ ነጋዴ ተሰልፎ ይወስደው ነበር። ልብስ አጣቢዎቹ «የቀማሿ» ካልሆነ እጃችን ይላጣል ብለው ሌላውን አይነኩም። ቆራጮች፣ ማኅተም መቺዎች፣ ሳጥን የሚያበጅ አናጢ፣ ሞራ ከቄራ የሚያመጡ ጋሪ ነጂዎች፣ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው ከእህቴ ምላስ ነው ይባል ነበር። እሷም ይህን አምና አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ማን ይጠራጠር? እኛም አምነናል።

አንድ ቀን አንድ ባለሀብት መጣ። ከከተማው ወዲያ ማዶ አዲስ የሳሙና ፋብሪካ አቁሟል፤ ጋኑ የማይዝግ ብረት፣ ማማሰያው በሞተር፣ ሙቀቱ ደግሞ በቧንቧ የሚመጣ እንፋሎት። ሰውዬው መጥፎ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። «ሞራው እኛ ዘንድ፣ ሰው እኛ ዘንድ፣ ስለ ምንድነው ሳሙና በመርከብ ተጭኖ የሚመጣልን? ለጎረቤት አገርም እንሸጣለን ገና!» እያለ ሲናገር ዓይኑ ያበራል። ማሽኑን ገዛ፣ ሕንፃውን ሠራ፣ የቀረው ዕውቀቱ ነበር። ዕውቀቱ ደግሞ ያለው ቀማሿ ዘንድ ነው አሉት። መጣ፣ እህቴን ከምናስበው በላይ በሆነ ደመወዝ ወሰዳት።

ልትሰናበተኝ የመጣች ቀን ሽቱ ተቀብታለች። ልጄንም ይዛት ልትሄድ ነው፤ ቀለም ስለገባት ማኅተም ክፍል ታስቀጥርልኛለች። ደስ አለኝ፣ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ከዚያ ግን አፌ አላስችል አለኝና «ጭሱንስ?» አልኳት።

«ጭሱን ምን ላድርገው?»

«እሱም እሳት ላይ ቢሠራ ብዬ ነዋ።»

«እዚያ እሳት የለም፣ እንፋሎት ነው፤ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነው። ደግሞስ እሳት የሚያነድ ሰው በየመንገዱ ሞልቶ!» አለች። ባሌ ጓዳ ሆኖ እየሰማ ነበር። ብቅ ብሎ እኔን አየና «መልካም መንገድ በያት» አለኝ።

እሷ እንደሄደች የድሮው ፋብሪካ ረዳቷን በቦታዋ አቆመ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ከእሷ ጎን ዓመታት ቆሟል፣ መቅመስም ተምሯል። የመጀመሪያው ሳሙና እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ያልበው ነበር። ስቆርጠው ሽቦው ላይ ተጣበቀ። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሳልነካው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቀ። ልጁ ባሌን «እሳትህ ነው ያበላሸብኝ» አለ፤ ባሌ ደግሞ «እግርህ ምን እንደሚል አይገባኝም» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን። ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም፤ ጭሱ ስለሆነ ነገር አማረው ብለን አለፍነው።

የድሮው ፋብሪካ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። ነጋዴው ዕቃውን መመለስ ሲጀምር አልታገሉም። ጋኑን ለብረት ገዢዎች ሸጡት። ሰዎቹ መጥተው በጋዝ እሳት ቆራርጠው በጭነት መኪና ሲጭኑት እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ባሌ አላለቀሰም። ምድጃው አፍ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ ከላይ ሳንቃውን ሲያይ ዋለ።

እኛስ ሥራ ፈታን፣ ለእነ እትዬ ይቅናቸው ብለን ተጽናናን። ወዲያው ግን ልጄ ማታ ማታ የምታመጣው ወሬ ልቤን ያንጠለጥለው ጀመር። የአዲሱም ፋብሪካ ሳሙና እየተበላሸ ነው! አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ አረፋ አይሰጥም፣ አንዱ ሲያድር ነጭ አመድ ያወጣል። አጣቢዎቹ የተላጠ እጃቸውን ይዘው እስከ ፋብሪካው በር ሄደው ጮሁ። ሠራተኛው ማንሾካሾክ ያዘ፤ ሚስጥሩን ደብቃ ነው ይሏታል፣ ልቧ ከድሮው ቤት ስላልወጣ ሆን ብላ ነው የሚልም አለ። ባለሀብቱ ራሱ ቢሮ ጠርቶ «እትዬ፣ የሚጎድልብዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ ግን አይቅጡኝ» አላት። እህቴ በሕይወቷ እንደዚያ ተዋርዳ አታውቅም።

ቤቴ መጥታ እንደ ልጅ አለቀሰች። «እጄ ያው እጄ ነው። ምላሴ ያው ምላሴ ነው። ሞራው ያው ነው፣ ሶዳው እንዲያውም የተሻለ ነው። ምን ነካኝ? እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው፤ ይሄን ካላወቅኩ ምን አውቃለሁ?» ትላለች። እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለሀብቱ የመጨረሻ ቃሉን ሰጥቷታል። አንድ ጋን ሳሙና ብቻ እንዲሠራ ይፈቅዳል። እሱም ከተበላሸ ጋኑን ይዘጋና የተሠራ ሳሙና ከውጭ እያስመጣ በስሙ አሽጎ ይሸጣል፤ ከአስመጪዎቹ ጋር መነጋገር ጀምሯል። ከተማው ውስጥ የቀረው የሳሙና ጋን ደግሞ ያ ብቻ ነው።

የፋብሪካው ኢንጂነር አንዲት ወጣት ሴት ናት። እኔ መጀመሪያ አልወደድኳትም፤ እህቴን በጥያቄ ስታደርቃት ነው የምሰማው። ልጅቷ ግን ብልህ ነበረች። የሙቀቱን፣ የሶዳውን፣ የውሃውን ሁሉ ለክታ ስታበቃ፣ ጥፋቱ ከሚለካው ነገር ውጭ እንደሆነ ገባት። አንድ ቀን እህቴን «እትዬ፣ እዚያ የድሮው ቤት እሳት ይጨመር፣ ይቀነስ የሚሉት መቼ መቼ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ እሳት ጠይቄ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚወስነው?»

«ማንም። ይመጣል፣ ይሄዳል። ጋኑ ለእኔ ይታዘዛል።»

ኢንጂነሯ በዚህች መልስ አልረካችም። ልጄን ይዛ እሁድ ዕለት ቤቴ መጣች። ባሌ ግቢ ውስጥ የተሰበረ ወንበር እየጠገነ ነበር። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያለ ኩራት፣ «ጋሼ፣ እሳቱን በምን ነበር የሚያውቁት?» አለችው። በሕይወቱ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሚስቱን ጨምሮ። መዶሻውን አስቀመጠ። ዓይኑ እርጥብ ሆነ፣ በእግዜር እላችኋለሁ።

«በእግሯ ነዋ» አላት። «ሳንቃው ይነግረኛል። ቶሎ ቶሎ ከዞረች ቀጥኖባታል፣ እጨምራለሁ። ረገጥ ረገጥ ካደረገች ሊገነፍል ነው፣ ብናኝ እበትናለሁ። ቀጥ ብላ ማማሰያው ላይ ከተደገፈች ደግሞ ሳንቃው ይጎብጥና አቧራ አንገቴ ላይ ይረግፋል። ያኔ ነክቼም አልነካው፤ በፍሙ ብቻ ነው የሚበስለው። ልጁ ሲመጣ እግሩ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ምን እንደሚፈልግ በምን ልወቅ?»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። «አንተ ሰውዬ! ይህን ሁሉ ዘመን? ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ለማን ልናገር፣ ለእሷ?»

ኢንጂነሯ ወደ እኔ ዞራ «እናቴ፣ እኛ ግማሹን ሰው ነው የቀጠርነው» አለችኝ። «ዕውቀቱ እትዬም ዘንድ አይደለም፣ ጋሼም ዘንድ አይደለም፤ መሃላቸው ላይ ነው ያለው። ነገ ይምጡልን። እዚያ ሳንቃ የለም፣ ግን ችግር የለውም፤ ጨምር፣ ቀንስ እየተባባሉ ይነጋገራሉ።»

ይነጋገራሉ! ይቺ ልጅ ቤታችንን አታውቀውም አልኩ በሆዴ።

እትዬ ስትሰማ የሆነችውን አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ስለዚህ ሳሙናውን የሚያበስለው እሱ ነበር በይኛ! እኔ ለካ ሳንቃ ስረግጥ ነው የኖርኩት!» አለች።

«ማን እንደዚያ አለ? ሁለታችሁ ናችሁ ነው የተባለው።»

«ሁለታችን የሚባል የለም። ተበላሽቶ ይቅር እንጂ ጭሱ አዳናት አልባልም።»

ያኔ ደሜ ፈላ። ያሳደገችኝ ናት፣ እትዬ ናት፣ አከብራታለሁ፤ ግን ልክ ልኳን ነገርኳት። «ተበላሽቶ ይቅር? የማንን ነው የምታበላሺው? ልጄ እዚያ ናት፣ የአናጢው ልጅ እዚያ ናት፣ ከእኛ ቤት የተበተነው ሰው ሁሉ እዚያ በር ላይ ሥራ ይጠይቃል። ያንቺ ኩራት ለስንት ሰው ይድረስ? አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብታናግሪው ምላስሽ ይቆረጣል?» አልኳት። ድምፄ ጎረቤት ደርሷል። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች «እሺ፣ ይምጣ» አለች። «ግን አላናግረውም። የምለውን አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

ባሌስ ምን አለ መሰላችሁ? «እሺ፣ አንቺ ከነገርሽኝ እሠራለሁ።» ሁለቱንም በማማሰያው ብላቸው ደስታዬ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። አዲሱ ፋብሪካ የሆስፒታል ያህል ይነጣል። ጋኑ ዙሪያ የብረት መቆሚያ አለው፤ እህቴ ብትሄድበትም ብትዘልበትም ድምፅ የለውም። የእንፋሎቱ መዝጊያ ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። ባሌን እዚያ አስቀመጡት። የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ይበሳል። ባሌ መስታወቱ ጋ ተጠግቶ እግሯን ለማየት ይንጠራራል፤ ከወገቧ በታች አይታየውም። ባለሀብቱ በሩ ላይ ቆሟል። ልጄና ጓደኞቿ ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። ኢንጂነሯ «እባካችሁ ተጠራሩ፣ ጮክ ብላችሁ ብቻ ተጠራሩ» ትላለች። እኔ ሽርጥ አገልድሜ መሃል ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደ ስልክ።

መጀመሪያ ላይ ሄደ። «ጨምር በይው» ትለኛለች፣ እሮጣለሁ፣ «ጨምር» እለዋለሁ፣ ይጨምራል። «ምን እያደረግሽ ነው በያት» ይለኛል፣ እሮጣለሁ። ሞራው ቀለጠ፣ ሶዳው ገባ፣ ቀለሙ አማረ። እትዬ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ራሷን ነቀነቀች። በልቤ እሰይ አልኩ። ባለሀብቱም እጁን ከኪሱ አወጣ።

ከዚያ መወፈር ጀመረ። ይህች ናት ሰዓቷ። እህቴ ከጋኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል እግሯን ታነሳለች፣ ትጥላለች፤ ብረቱን ረገጥ ረገጥ ታደርጋለች። ምንም አላለችኝም። አየኋት፣ አፏ ዝግ ነው። ለካ ይህን በአፏ ብላው አታውቅም! ሁልጊዜ እግሯ ሲል እሳቱ ይበርድላታል፤ አሁንም እስኪበርድ ትጠብቃለች። «እትዬ፣ ምን ልበለው?» ብዬ ጮህኩ። ዞር አለችና ግራ ገብቷት አየችኝ። «እ… ቀንስ… ቀንስ በይው!» አለች። ሮጥኩ። ወለሉ ያዳልጣል። በሩን ስከፍት ባሌ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር። «ቀንስ!» ስለው እጁ መዝጊያው ላይ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

ሳሙናው ተነሳ። እንደዚያ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ከጋኑ አፍ በላይ አብጦ ወጣና በአንድ በኩል ተገለበጠ፤ ወደ መቆሚያው፣ ወደ እህቴ እግር ሄደ። እሷ ደርቃ ቀርታ ታየዋለች። ባሌ ገፍትሮኝ ወጣ፣ በትኩሱ ላይ እየረገጠ ሮጠ፤ ከሠርጋችን ወዲህ የመጀመሪያዋን ቃል ለእህቴ ተናገራት። «ውረጂ!» አላት። «ውረጂ እትዬ፣ ውረጂ!» ክንዷን ይዞ ጎተታት። ወረደች።

ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የባሌ እግር ተልጧል፣ የእሷ ጫማ ቀልጧል። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሳሙና ሲረጋ ልጆቹ በአካፋ ይፍቁት ጀመር። ባለሀብቱ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «ይበቃል» አለ፤ ዓይኑ እንደ ድሮው አያበራም። ኢንጂነሯ «አንድ ዕድል ብቻ ይጨምሩን፣ አሁን ገና መነጋገር ጀመሩ እኮ!» ብላ ለመነችው። «ልጄ፣ እነሱ መነጋገር እስኪለምዱ እኔ አልቃለሁ» አላት። በእሱ አልፈረድኩም። ፈርጄም ቢሆን ምን አመጣለሁ?

አሁን ጋኑ የነበረበት ክፍል መጋዘን ሆኗል። ጋኑም ፈርሶ ተሸጧል። ከውጭ የመጣ ሳሙና በካርቶን ይደረደራል፤ ልጄ የባለሀብቱ ስም ያለበት ወረቀት ትጠቀልልበታለች። ሳሙናው ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ዋጋው ከቀድሞው ይወደዳል፣ የሚጠቀልለውም ሰው ጥቂት ነው። አናጢው ከተማውን ጥሎ ሄደ። ኢንጂነሯ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘች፤ ስትሄድ ባሌን እጁን ጨብጣ ተሰናበተችው።

እህቴና ባሌ ደግሞ ይነጋገራሉ። ኧረ ዝም የሚሉበት ጊዜ የለም! በየቀኑ ትመጣለች፣ የእግሩን ፋሻ ትቀይርለታለች፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ወሬያቸው ሳሙና ብቻ ነው። እኔ ያን ያህል ዓመት የተመኘሁት ሰላም ቤቴ ገባ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። ስቀው ሲያወሩ አንዳንዴ ወጥቼ ግቢ ውስጥ እቆማለሁ፤ ይህን አንድ ዓመት ቀድማችሁ ብታደርጉት ምን ነበረበት እያልኩ እናደዳለሁ።

ባለፈው እሁድ ልጄ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እኔ መማር እፈልጋለሁ» አለቻቸው። «አንድ ቀን ጋን ባገኝ እሠራዋለሁ። ሁሉንም ንገሩኝ።» እትዬ ወንበሯን አስጠጋች፣ ባሌም ቀና ብሎ ተቀመጠ። ስለ ሞራው ነገሯት፣ ስለ ሶዳው ነገሯት፣ እየተቀባበሉ፣ እየተሳሳቁ። ከዚያ ልጄ «እሳቱ የሚወርደው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጨው ከመግባቱ በፊት» አለች እትዬ።

«ጨው ከገባ በኋላ» አለ ባሌ፣ እኩል።

ተያዩ። «በፊት ነው እንጂ» አለችው፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና። «እኔ ስበትነው በርዶ ነበር።» እሱም «እኔ ያወረድኩት ከበተንሽ በኋላ ነው፣ አቧራው ሲረግፍ» አላት። ቆይቶ ግን «መሰለኝ» አለ። እሷም «እኔም መሰለኝ» አለች። ድሮ ቢሆን ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ግን አንዳቸው ሌላውን ማመን ፈልገው እውነቱን አስታውሰው ሊያገኙት አልቻሉም። ጋን ቢኖር ሞክሮ ማወቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

ልጄ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። «ታዲያ የትኛውን ልያዝ?» አለች።